የውሃ ጎማ አጠቃለልና አሰቃቀል፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ግቢ

ምስማር ላይ የተሰቀለ የውሃ ጎማ የመጀመሪያውን ሳምንት ደህና ይመስላል። ወር ሳይሞላው ምስማሩ የነካው ቦታ ጠፍጣፋ ይሆናል። ውሃ በተከፈተ ቁጥር እዚያው ይታጠፋል፣ ደጋግሞ ሲታጠፍ ነጭ መስመር ያወጣል፣ በመጨረሻም እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። ምስማሩን በትልቅ መቀየር ወይም ሁለት ማድረግ አይፈታውም። ጎማ የሚበላሸው ውሃ እንደያዘ ሲቀመጥ፣ እንደተጠመዘዘ ሲጠቀለልና ጠባብ ነገር ላይ ሲንጠለጠል ነው። ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ መስቀያው ብቻ ነው፤ ሁለቱ የቀደሙት ካልተስተካከሉ ግን የትኛውም መስቀያ አያድነውም።

ይህ መመሪያ ከአሮጌ የመኪና ቸርኬ የግድግዳ መስቀያ መሥራትን፣ ከዚያም ጎማውን በየቀኑ አፍስሶ፣ አፍታቶ መጠቅለልን ያሳያል።

መጀመሪያ ጎማችሁን ለኩ

ሁለት ነገር እወቁ፦ ውፍረቱንና ርዝመቱን። በየቤቱ የሚገኘው አብዛኛው ባለ ግማሽ ኢንች ነው፤ የውስጥ ክፍተቱ 13 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ባለ ሦስት ሩብ ኢንቹ 19 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ውሃ ሲይዙ ግን ሰፊ ነው። 30 ሜትር ባለ ግማሽ ኢንች ጎማ ወደ 4 ሊትር ውሃ ይዞ ይቀራል፣ ያው ርዝመት በሦስት ሩብ ኢንች ወደ 8 ሊትር ተኩል ይይዛል። መስቀያ ከግድግዳ የሚነቅለው ብዙውን ጊዜ ይህ ሳይፈስ የቀረ ውሃ ነው።

- ባለ ግማሽ ኢንች፣ እስከ 20 ሜትር፦ ባለ 14 ኢንች የቤት መኪና ቸርኬ ይበቃል።
- ባለ ግማሽ ኢንች፣ 30 ሜትር፦ ባለ 16 ኢንች የፒካፕ ቸርኬ ፈልጉ።
- ባለ ሦስት ሩብ ኢንች፦ ቸርኬውን ተዉት። ጎማው ወፍራም ስለሆነ ዙሩ ሁሉ ቸርኬው ላይ አይገባም። ከታች ወደተጻፈው የሁለት ችካል ዘዴ እለፉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ከጎሚስታ የማይፈለግ የብረት ቸርኬ ግዙ፤ ለመኪና የማያገለግል ትንሽ የተጣመመም ይሆናል። ጠርዙ የተሰነጠቀውን ግን አትውሰዱ፣ ጎማውን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። ከዚያ ውጪ 20 በ20 ሳንቲሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ፣ አራት ባለ 10 ሚሊሜትር ፊሸር (ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ብሎን የሚይዝ ፕላስቲክ) ከነረጃጅም ብሎኖቻቸው፣ አራት የእንጨት ብሎን፣ አራት ሰፋፊ ሮንዴላ (ከብሎን ራስ ሥር የሚገባ የብረት ቀለበት)፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የብርጭቆ ወረቀትና ፀረ ዝገት ቀለም ያስፈልጋል። ትራፓኖ (መሰርሰሪያ) ከባለ 10 ሚሊሜትር ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) ጋር፣ ፒንሳና ውሃ ልክ መዋስ ትችላላችሁ።

ደረጃ 1፦ ቦታ ምረጡ

1. ጥላ ፈልጉ። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለምትሄድ ወደ ሰሜን የዞረ ግድግዳ ውሃ በብዛት በሚጠጣባቸው ወራት ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። ደቡብና ምዕራብ የዞረውን ተዉት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐይዋ ፕላስቲክን በፍጥነት ታደርቃለች። ኮምቦልቻ ደግሞ ሙቀቱ ይጨመርበታል።
2. ከቧንቧው ወደ ጎን ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ራቁ። በግድግዳው ውስጥ ያለው የውሃ መስመር ብዙውን ጊዜ ከቧንቧው በቀጥታ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ስለሚሄድ፣ በዚያ መስመር ላይ መሰርሰር ቧንቧ መብሳት ነው። ከቆጣሪና ከመብራት ማብሪያ በላይና በታች ያለውንም ቦታ አትንኩ።
3. የቸርኬው መሃል ከመሬት 90 ሳንቲሜትር ላይ ይሁን፤ የወገብ ከፍታ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ጎማውን በእያንዳንዱ ዙር ማንሳት ያደክማል፣ የደከመ ሰው ደግሞ መሬት ላይ ጥሎት ይሄዳል።

ደረጃ 2፦ ቸርኬውን አዘጋጁ

1. ጠርዙ ላይ የተጣበቁትን ትንንሽ የባላንስ እርሳሶች በፒንሳ ንቀሉ። ጎማውን ይፍቃሉ፤ እርሳስ መርዛማ ስለሆነም ልጆች ከሚደርሱበት አርቁ፣ እጃችሁንም ታጠቡ።
2. ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ጣታችሁን በጠርዙ ዙሪያ ቀስ ብላችሁ አሳልፉ፤ ጣት የሚይዝ ነገር ካለ ጎማውንም ይይዘዋል።
3. ሁለት ጊዜ ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡ። የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን አትጨምሩ። በክረምት ከሆነ ሙሉ ቀን ጠብቁ።

ደረጃ 3፦ ግድግዳ ላይ እሰሩ

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ቸርኬውን ግድግዳ ላይ ስታስጠጉት የብሎን ቀዳዳዎቹ ያሉበት መካከለኛው ክፍል ግድግዳውን አይነካም፤ ከጠርዙ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስለሚቀመጥ ከኋላው ባዶ ቦታ ይቀራል። ይህን ባዶ ቦታ ሳይሞሉ ብሎኑን ማጥበቅ ብሎኑን ማጣመም ነው፤ ሸክሙ ሲመጣም ፊሸሩን እየጎተተ ያወጣዋል። ጣውላው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

1. ቸርኬውን ግድግዳው ላይ በሚያርፈው ፊቱ መሬት ላይ ድፉትና ከመሬቱ እስከ መካከለኛው ክፍል ያለውን ክፍተት ለኩ።
2. የጣውላው ውፍረት ከዚያ ክፍተት በ1 ሳንቲሜትር ተኩል ይብለጥ። አንድ ጣውላ ካልበቃ ሁለት ደራርባችሁ በምስማር ምቱ። ስፋቱ ከ20 ሳንቲሜትር ከበለጠ ማዕዘኖቹ የቸርኬው ጠርዝ ውስጥ አይገቡም።
3. በጣውላው አራት ማዕዘን፣ ከጠርዙ 3 ሳንቲሜትር ገባ ብላችሁ ብሱ። ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ ውሃ ልኩን እያያችሁ ቀዳዳዎቹን ምልክት አድርጉ።
4. ግድግዳውን ብሱ፣ አቧራውን አራግፉ፣ ፊሸሩን አስገቡ፣ ጣውላውን እሰሩ። ብሎኑ ጣውላውን አልፎ ግድግዳው ውስጥ ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር መግባት አለበት።
5. ቸርኬውን በአራት የብሎን ቀዳዳ በኩል፣ ሮንዴላ አድርጋችሁ፣ ጣውላው ላይ እሰሩ። ሮንዴላ ከሌለ የብሎኑ ራስ በቀዳዳው ሾልኮ ያልፋል።
6. ጎማውን ከመስቀላችሁ በፊት ቸርኬውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ታች ጫን በሉት። ትንሽ እንኳ ከተንቀሳቀሰ ፍቱትና አስተካክሉ።

*ብሎኬቱ ባዶ ከሆነ።* ፑንታው ጥቂት ገብቶ በድንገት ወደ ውስጥ ከወደቀ የብሎኬቱ ክፍተት ላይ ናችሁ፤ ፊሸሩ እዚያ አይነክስም። ወደ ኮለኑ (የኮንክሪት ምሰሶው) ወይም በብሎኬቶቹ መጋጠሚያ ወዳለው ሲሚንቶ ተጠጉ። ሌላ ቦታ ከሌለ ቀዳዳውን አስፉትና ወፈር ባለ የሲሚንቶ ቡኮ ሞልታችሁ ብሎኖቹን አብራችሁ ትከሉ። ለጥቂት ቀናት ውሃ እያርከፈከፋችሁ አቆዩት፤ ሳምንት ሳይሞላው ምንም አትስቀሉበት።

*ግድግዳው ጭቃ ከሆነ።* ጭቃው ራሱ ምንም አይሸከምም። በጣት አጥንት እያንኳኳችሁ ቋሚውን እንጨት ፈልጉ፤ ድምፁ ደረቅና ጠንካራ ይሆናል። ቋሚው ደካማ ከሆነ ወይም ካልተገኘ ግድግዳውን አታስጨንቁት። 12 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው፣ 2 ሜትር የሚሆን የባሕር ዛፍ ግንድ ቁረጡ፤ መሬት የሚገባውን 60 ሳንቲሜትር ሬንጅ ቀቡት፣ ምስጥ እንዳይበላው። ትከሉትና ዙሪያውን በድንጋይና በአፈር ጠቅጥቁ፤ ቸርኬውን እዚያ ላይ እሰሩ። ለተከራይም የተሻለው ይኸው ነው፣ ሲወጣ ነቅሎ ይወስደዋል።

ደረጃ 4፦ ውሃውን አፍስሱ

መስቀያው አንዴ ይሠራል። ከዚህ በታች ያለው ግን ጎማው ሥራ በጨረሰ ቁጥር የሚደረግ ነው፤ ሲለመድ ከ5 ደቂቃ አይበልጥም።

1. ቧንቧውን ዝጉ። ጎማው ጫፍ ላይ መርጫ ካለው ክፈቱትና የታመቀው ውሃ ይውጣ። ይህን ሳታደርጉ ከቧንቧው ብትነቅሉት ፊታችሁ ላይ ይረጫል፤ ሳትነቅሉ ፀሐይ ላይ ብትተዉት ደግሞ ውስጡ የቀረው ውሃ ሲሞቅ ጎማውን ይነፋዋል። ኮምቦልቻ ላይ ጎማ መሃሉ እንደ ፊኛ ተወጥሮ የሚገኘው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።
2. መርጫውን ፍቱ። ከቧንቧውም ንቀሉ። ሁለቱም ጫፎች ክፍት ይሁኑ።
3. ግቢያችሁ ተዳፋት ከሆነ፣ በደሴው የጦሳ ተራራ ግርጌ እንዳሉት ብዙ ግቢዎች፣ ጎማውን ከላይ ወደ ታች ዘርጉትና የላይኛውን ጫፍ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። ራሱ ይፈሳል።
4. ግቢው ሜዳ ከሆነ ከአንዱ ጫፍ ጀምራችሁ ጎማውን ትከሻችሁ ላይ አሻግሩና በእጅ ወደ ኋላ እየሳባችሁ እስከ ሌላው ጫፍ ሂዱ። ትከሻ ላይ የሚወጣው ክፍል ውሃውን ወደፊት እየገፋ ይሄዳል። መጨረሻው ላይ ባልዲ አስቀምጡ፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር 4 ሊትር ለአንድ መደብ ችግኝ ይሆናል።

ጎማው ሲነሳ ውስጡ ጉርጉር የሚል ድምፅ ካለ አልጨረሳችሁም። አንዴ ድገሙት።

ደረጃ 5፦ ጥምዝማዙን አፍታቱ

በክብ የተጠቀለለ ጎማ እያንዳንዱ ዙር ሙሉ አንድ ጥምዝ ይጨምርበታል። 16 ዙር ከጠቀለላችሁ 16 ጥምዝ ገብቷል ማለት ነው፤ መውጫ ካላገኘ ጎማው በየቦታው ቀለበት እየሠራ ይተሳሰራል። በጉልበት ስትጎትቱት ቀለበቱ ይጠብና ይታጠፋል።

1. ጎማውን በሙሉ ርዝመቱ መሬት ላይ ዘርጉ። ግቢው አጭር ከሆነ በሰፊው አዙራችሁ እንደ ግማሽ ክብ አስቀምጡት፤ በሹል አትጠፉት።
2. ጎማው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሰመረ መስመር ካለ እሱን ተመልከቱ። መስመሩ እንደ ገመድ ጎማውን እየዞረ ከሄደ ጥምዝ አለበት። ነፃውን ጫፍ በሁለት መዳፋችሁ መሃል ይዛችሁ፣ ጥጥ እንደሚፈተል፣ ወደ ተቃራኒው አሽከርክሩት፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ እስኪታይ ድረስ። መስመር ከሌለው በየ3 ሜትሩ በቀለም ነጥብ አድርጉበት፣ ሁሉም ነጥብ ወደ ላይ ሲያይ ቀጥ ብሏል።
3. ቀለበት የሠራበትን ቦታ ከሁለት በኩል አትጎትቱ። ቀለበቱን አስፉትና ገልብጡት፣ ያኔ በራሱ ይፈታል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የደሴ ብርድ ጎማውን እንደ እንጨት ያጠነክረዋል። በዚያ ሰዓት አታፍታቱ፣ አትጠቅልሉም። ፀሐይ ካሞቀችው በኋላ፣ አራት ወይም አምስት ሰዓት ገደማ፣ ይታዘዛል።

ደረጃ 6፦ ጠቅልሉ

1. ቧንቧ ላይ የሚታሰረውን ጫፍ ቸርኬው ላይ አስቀምጡና ቧንቧው ድረስ የሚበቃ ያህል፣ አንድ ሜትር ገደማ፣ ተንጠልጥሎ እንዲቀር ተዉ። ሁልጊዜ የምትጀምሩት ከዚህ ጫፍ ነው። ከመርጫው ጫፍ ከጀመራችሁ ጥምዙ መውጫ ያጣል፣ በማግስቱም ጎማውን ለመጠቀም ሙሉውን መፍታት ግድ ይሆናል።
2. ከግድግዳው በኩል ጀምራችሁ ዙሩን ጎን ለጎን አስኪዱ። ባለ 14 ኢንች ቸርኬ ላይ በአንድ ድርብ 8 ዙር ገደማ ይገባል። ጠርዝ ጋ ስትደርሱ በዚያው ላይ ወደ ግድግዳው ተመለሱ።
3. በእያንዳንዱ ዙር ጎማውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል እያንከባለላችሁ አንድ ጊዜ ሙሉ አዙሩት። መስመሩ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ካየ በትክክል እየሄዳችሁ ነው። ይህ ሲዘነጋ አራተኛው ወይም አምስተኛው ዙር ከቸርኬው ላይ እየተነሳ እንቢ ይላል። በኃይል አትጫኑት፤ ሁለት ዙር ወደ ኋላ ፍቱና እንደገና ጠቅልሉ።
4. አታጥብቁ። ጣት በጎማውና በቸርኬው መሃል መግባት አለበት።
5. ስትፈቱም እንደጠቀለላችሁት በዙር አውጡት። ጫፉን ይዞ ወደ ጎን መሳብ ጥምዙን ሁሉ ይመልሰዋል።

ለረጅምና ለወፍራም ጎማ፦ የሁለት ችካል ዘዴ

ለ30 ሜትርና ከዚያ በላይ፣ በተለይ ለሦስት ሩብ ኢንች፣ ከዚህ የሚሻል የለም። ወፍራምና 25 ሳንቲሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ድቡልቡል እንጨቶች በ60 ሳንቲሜትር ርቀት ጎን ለጎን በጠንካራ ጣውላ ላይ አስሩ፤ ጫፋቸው ትንሽ ወደ ላይ ያዘንብል። ጎማውን እንደ ቁጥር 8 እያጠላለፋችሁ ከአንዱ ወደ ሌላው አዙሩ። አንዱ ዙር የሚያስገባውን ጥምዝ ቀጣዩ ስለሚያወጣው በጣት ማንከባለል አያስፈልግም። እንጨቱ ቀጥታ ጎማውን የሚነካበትን ቦታ በአሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ሸፍኑት፤ የእንጨቱ ስፋት ይጨምራል፣ ጎማውም አይጫንም።

ጎማን አሮጌ የመኪና ጎማ ወይም በርሜል ውስጥ የምታስቀምጡ ከሆነ የመያዣውን ታች አምስት ስድስት ቦታ ብሱ። ውሃ ከቆመበት በሙቀት ወራት ከሳምንት እስከ አስር ቀን ባለ ጊዜ ውስጥ ትንኝ ይፈለፈልበታል፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ወባ የማይጠፋበት ቦታ ነው።

ሌሊት ውሃ ለምትጠብቁ፦ ጫፉን በርሜል ውስጥ አትንከሩ

ፈረቃ ሲሆን ቧንቧውን ከፍቶ ጎማውን በርሜል ወይም ሮቶ ውስጥ ከቶ መተኛት የተለመደ ነው። መስመሩ ላይ ውሃ ሲቋረጥ ግፊቱ ይወድቅና ጎማው የበርሜሉን ውሃ ወደ ኋላ ሊስብ ይችላል፤ ቆሻሻው የጎረቤት ቧንቧም ይደርሳል። ጫፉን ከበርሜሉ አፍ 5 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ በገመድ እሰሩት። ውሃው ሲወርድ ይሰማችኋል፣ መልሶ ግን አይመጠጥም።

አንድ ነገር ሲበላሽ

*ጎማው ታጥፎ ጠፍጣፋ ሆኗል፣ ነጭ መስመር ግን የለውም።* ፀሐይ ላይ ግማሽ ሰዓት አስቀምጡ ወይም ሙቅ ውሃ አፍስሱበት፤ ከዚያ ከጎን ከጎን በጣት ጨምቁት፣ ወደ ክብነቱ ይመለሳል። እስኪቀዘቅዝ ቀጥ አድርጋችሁ አቆዩት።

*ነጭ መስመር ወጥቷል ወይም ተሰንጥቋል።* በፕላስተር መጠቅለል ቀን ከመግዛት አያልፍም። የተሰነጠቀውን ከግራና ከቀኝ 3 ሳንቲሜትር ጨምራችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ሁለቱን ጫፎች ለአንድ ደቂቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሩ፣ ፋሼታዎቹን (ጎማውን ዙሪያውን የሚያጠብቁትን የብረት ቀለበቶች) አስቀድማችሁ አጥልቁ፣ ማያያዣውን እስከ መሃሉ ግፉበት፣ ከዚያ ፋሼታዎቹን አጥብቁ። ፋሼታ ሳያጠልቁ ማያያዣውን ማስገባት ሁሉንም ከመጀመሪያው ያስጀምራል።

*ቧንቧው ጋ ያንጠባጥባል።* ከማጥበቃችሁ በፊት ውስጥ ያለውን ጎሚኒ (ውሃ እንዳያፈስ የሚገባ የላስቲክ ቀለበት) አውጡና ተመልከቱ። ጠፍጣፋ፣ ደረቅ ወይም የተቆረሰ ከሆነ ቀይሩት። በፒንሳ ማጥበቅ የፕላስቲኩን ጥርስ ይጨርሰዋል።

*ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል።* ብርሃን በሚያሳልፍ ጎማ ውስጥ ውሃ ቆሟል ማለት ነው። አንድ የቡና ሲኒ በረኪና በ4 ሊትር ውሃ በጥብጡ፣ ጎማው ውስጥ ሙሉበትና ግማሽ ሰዓት አቆዩት፣ ቀጥሎ ሽታው እስኪጠፋ በንጹሕ ውሃ እጠቡት። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። መጀመሪያ የሚወጣውን ውሃ ችግኝ ላይ አታፍስሱ።

*አይጥ በልቶታል።* እህል ካለበት ክፍል አውጡት፤ ከወለሉም ከግማሽ ሜትር በላይ ይሰቀል።

ክረምት ሲገባ

ከሐምሌ እስከ መስከረም ጎማው ብዙ ሥራ የለውም። ከቸርኬው ላይ አውርዱ፣ ሁለት ጊዜ አፍስሱ፣ መሬት ላይ 60 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ክብ ጠቅልሉና በሦስት ቦታ በጨርቅ እሰሩ። ሽቦ አትጠቀሙ፣ ይቆርጠዋል። ቤት ውስጥ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኙት፤ ከላዩ ምንም አትጫኑ። ጎሚኒዎቹን አውጥታችሁ በትንሽ ፌስታል መርጫው ላይ እሰሯቸው። በጥቅምት መጀመሪያ ስታወጡት መርጫውን ሳትገጥሙ ለአንድ ደቂቃ ውሃ ልቀቁበት፤ የቆየው ውሃ የፕላስቲክ ጣዕም ስላለው አይጠጣም፣ ልጆችም ከጎማው አፍ እንዳይጠጡ ከልክሉ።